የብራና ፎቶ ወደ ጽሑፍ የቀየረ ሰው ካለ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። አባቶች ፈቅደውልኝ ዘጌ ካለ አንድ ገዳም የብራና ገጾች በስልኬ አንስቻለሁ። ፎቶው ጥሩ ነው። የተቸገርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ዋናው ጽሑፍ ግዕዝ ነው። ኅዳጉ (የገጹ ጠርዝ) ላይ ግን በሌላ እጅ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አማርኛ አለ፤ የመሬት ስጦታ፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር፣ ውል። እንደውም እኔን የሚያጓጓኝ ይሄኛው ነው። ቴሰራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፤ የተሠራው ግን ለታተመ ፊደል ስለሆነ የእጅ ጽሕፈቱ አልሆነለትም። በቀይ ቀለም የተጻፉትን ስሞች ጭራሽ ይዘላቸዋል። ትራንስክሪበስ የሚባለው የእጅ ጽሕፈት የሚያነብ ፕሮግራም ላይ የራስን ሞዴል (ከምሳሌ ገጾች ተምሮ ጽሕፈቱን የሚያነብ) ማሠልጠን ይቻላል። ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ ብዙ ገጽ ራስ አንብቦ መተየብ ያስፈልጋል።

ግዕዙንና አማርኛውን በአንድ ሞዴል ላሠልጥን ወይስ ለየብቻ?

ይበልጥ ግራ ያጋቡኝ ግን ሞክሼ ፊደላት (ድምፃቸው አንድ፣ ቅርጻቸው የተለያየ) ናቸው። ጸሐፊው «ስላሴ» ብሎ ከጻፈ እንዳለ ልተወው? ከተውኩት «ሥላሴ» ብዬ ስፈልግ አይመጣም፤ በዩኒኮድ (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚለይበት የቁጥር ሥርዓት) ሠ እና ሰ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ካስተካከልኩት ደግሞ ብራናውን መበረዝ ይሆንብኛል። ንባቡን እንዳለ አስቀምጦ ፍለጋው ብቻ ሀ፣ ሐ፣ ኀን እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ይቻላል አሉ። እንዴት? ኮዲንግ ላይ ዜሮ ነኝ፤ ኤክሴል ግን እችላለሁ።

የሞከራችሁ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ፎቶዎቹን ላኩልን እንዳትሉኝ ብቻ፤ የተፈቀደልኝ ለጥናት ነው።