በባቲ አቅራቢያ ያለ የመቃብር ድንጋይ፦ የባለሱቁን ቅድመ አያቴን ዘር ለማግኘት እርዱኝ

ጥያቄ
አሰላሙ ዓለይኩም። የእናቴ እናት አባት የመናዊ ነበር፤ ከባቲ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ሱቅ ነበረው። ጨው፣ ስኳር፣ አቡጀዲና ላምባ ይሸጥ ነበር፤ ሰዉም ሱቁን «አረብ ቤት» ይለው ነበር። ከእርሱ የቀረን በመንደሩ መቃብር ያለው አረብኛ የተጻፈበት ድንጋይ ብቻ ነው። አንድ ኡስታዝ ስሙንና የአባቱን ስም አነበቡልን፤ ቀጥሎ «ባ» የሚል ይታያል፣ ከዚያ ወዲያ ተሸርፏል። ታችኛው መስመር አፈር ውስጥ ስለነበር በኋላ ነው ያየነው፦ አንድ፣ ሦስት፣ ክብ፣ አራት። 1304 ሂጅራ እንዳንል አያቴ ጣሊያን ሲገባ ልጅ ነበረች፤ አባቷንም በደንብ ታስታውሰው ነበር። እንዴት ይታረቃል? ዘመዶቹንስ ከየት ልጀምር?

መልስ፣ ከደሴ
ወዓለይኩሙ ሰላም። ያ ክብ ዜሮ አይደለም! በድንጋዩ ላይ ባሉት የአረብኛ አሃዞች ክቡ አምስት ነው፤ ዜሮ የሚጻፈው በነጥብ ነው። ስለዚህ ዓመቱ 1354 ነው። የሂጅራ ዓመት ከእኛው በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር አንድ ወጥ ቁጥር ደምሮ ማወራረድ አይቻልም። ለግምት ቁጥሩን በ0.97 አባዝተው 614 ይጨምሩ፤ በእኛ አቆጣጠር 1927 ይመጣል። በዝርዝር ሲታይ ከመጋቢት 1927 መጨረሻ እስከ መጋቢት 1928 አጋማሽ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። አያትዎ እውነቱን ነው የነገሩዎት። ወሩ ከተጻፈ ደግሞ በደንብ ይፈልጉት፤ ጣሊያን ድንበር የተሻገረው በሰባተኛው የሂጅራ ወር፣ በረጀብ መጀመሪያ ላይ ስለሆነ፣ ሰውየው ከወረራው በፊት ይሙቱ በኋላ ከወሩ ይታወቃል።

መልስ፣ ከጂዳ
እህቴ፣ «ባ» የምትለዋን አደራ እንዳትንቂያት። በ«ባ» የሚጀምር የቤተሰብ ስም በምሥራቅ የመን ያለው የሐድረሞት አገር ሰዎች መለያ ነው። ሺባም፣ ሰይዑን፣ ተሪም፣ ወደ ባሕሩ ደግሞ ሙከላና ሺህር እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች የሞሉባቸው ናቸው። የሐድረሞት ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ይመጣል፣ እዚያው ያገባል፣ ሱቁ ሲጠና የወንድሙን ልጅ ያስመጣል። ስለዚህ አባት ብቻ ሳይሆን አጎትና የአጎት ልጅም ፈልጊ፤ ሚስትና ልጆችም በሐድረሞት ቀርተው ሊሆን ይችላል። ሙሉው የቤተሰብ ስም ከተገኘ እዚህ ያሉ ሐድረሞቶችን ጠይቄ እነግርሻለሁ፤ ዘር ቆጠራ ያውቁበታል።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ
ድንጋዩን በሽቦ ብሩሽ፣ በአሲድ ወይም በሳሙና እንዳትነኩት እለምናችኋለሁ። ፊደሉን በኖራ ማቅለምም ያበላሸዋል። ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፤ የሚፈረፈር ከሆነ እርሱም ይቅር። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ ከጎን ስትመታው ፎቶ አንሱ፤ በቀን ከሆነ አንድ ሰው መስታወት ይዞ ብርሃኑን ከጎን ያንጸባርቅበት። የተበላው ፊደል ጥላ ሲጥል ይነበባል። ከሁሉ በፊት ግን የመስጊዱን ሽማግሌዎች አስፈቅዱ። የተሸረፈውንም ስባሪ እዚያው አፈሩ ላይ ፈልጉት፤ ርቆ አይሄድም።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ
እኔ ብሆን ሱቁን ነበር የምከተለው። ቤቱ ከተማ ክልል ውስጥ ከነበረና ሐምሌ 1967 በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ተወርሶ ከሆነ፣ የቀበሌ ቤት ሆኖ ማኅደር ሊኖረው ይችላል፤ የቀድሞው ባለቤት ስም እዚያ ይገኛል። መንደር ውስጥ ከሆነ ግን የድሮ የግብር ደረሰኝ ነው የሚፈለገው። ቤተሰቡ ዘንድ የቀረ የዱቤ መዝገብ ካለ ከድንጋዩም ይበልጣል፤ የዕቃ አምጪዎችና የዘመድ ስም በአረብኛ ይጻፍበት ነበርና። የአያትዎን የኒካሕና የውርስ ጉዳይ ደግሞ ከሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ይጠይቁ።

ጠያቂዋ
አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የአያቴ ታናሽ እህት ልጅ ዘንድ አሮጌ የእንጨት ሳጥን አለ፤ መዝገብ ይኑርበት አይኑርበት እጠይቃለሁ። ወደ መንደሩ ለመሄድ የትኛው ቀን ይሻላል?

መልስ፣ ከባቲ
ሰኞ ይምጡ። የባቲ ገበያ ቀን ስለሆነ ከቆላም ከደጋም አዛውንቱ ይወርዳል። «የአረቡ ሱቅ የት ነበር? ከእርሱ በኋላስ ማን ያዘው?» ብለው ይጠይቁ። ተከታዩ ባለሱቅ የወንድም ልጅ ከነበረ ስሙን የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም።