«የሠራተኛ ስህተት» ተብሎ የሚዘጋ የአደጋ ሪፖርት

ዋሻ12፦
ሰላም ለሁላችሁ። በማዕድን ማውጫ የአደጋ ሪፖርቶች ላይ ደጋግሞ የሚመጣ ጉዳይ አለ። ኮንቬየር (ማዕድን የሚያጓጉዝ ቀበቶ) እየዞረ ሳለ ከኋለኛው ፑሊ፣ ማለትም ቀበቶው ከሚዞርበት ከበሮ፣ ሥር የተከመረ ጭቃ ሊጠርግ የገባ ሠራተኛ እጁ ይያዛል። መንስኤ፦ ጥንቃቄ ጉድለት። መፍትሔ፦ ድጋሚ ሥልጠና። ከዚያ ያው አደጋ ይደገማል። ሥልጠናው ለምን አይዝም? ምርመራውስ ምን መጠየቅ አለበት?

ታኮ፦
የስህተቱ ዓይነት ሳይለይ መፍትሔ ስለሚጻፍ ነው። ሥራውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው እጁ ሌላ ማጥፊያ ላይ ካረፈ መዘናጋት ነው። ከመኪናው ጎማ ሥር ታኮ ማስገባት ከረሳ የማስታወስ ጉዳይ ነው። የጋዝ መለኪያው ያሳየውን ቁጥር አዛብቶ ከተረዳ እውቀት ጎድሎታል። መከላከያ ሽፋኑን አውቆ ከፈታ ደግሞ ደንብ ጥሷል። ሥልጠና በደንብ የሚያድነው ሦስተኛውን ነው። ለመዘናጋትና ለመርሳት መድኃኒቱ ያለው ማሽኑ ላይ ነው፤ ለምሳሌ ማጥፊያዎችን በቅርጽና በቦታ መለየት፣ የእጅ ፍሬን ሳይያዝ በር ሲከፈት የሚጮህ ደወል መግጠም። ደንብ ጥሰት ሲሆን፣ ከቅጣቱ በፊት «ሌሎቹስ እንዲሁ ነው የሚያደርጉት?» ብለው ይጠይቁ።

በእርስዎ ምሳሌ እኔ የምጠይቀው ጭቃው ከየት መጣ ብዬ ነው። የቀበቶው መፋቂያ ስለት ካለቀ ጭቃው ተጣብቆ ይመለስና እዚያው ይራገፋል። ስለቱ በጊዜው ቢቀየር ኖሮ ለመጥረግ የሚገባ ሰው ባልኖረ። ቀጥሎ፦ ቀበቶውን ማስቆም የሚችለው ማነው? ሲያስቆምስ ማን ይቆጣዋል?

መብራት፦
ታኮ ባለው ላይ፦ «እጄን ቶሎ እስባለሁ» የሚባለው አይሠራም። ቀበቶው በሰከንድ 3 ሜትር ከሄደ፣ ሰው ለመደንገጥ በሚፈጅበት ሩብ ሰከንድ እጁ 75 ሳንቲሜትር ተስቧል።

ሌላው ስህተት የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ገመዱን ስቦ መግባት ነው። ገመዱ ማሽኑን ያቆማል እንጂ ኃይሉን አይቆርጥም። ዋናው ማጥፊያ ይቆረጥ፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፍ፣ ስሙንም ያንጠልጥል። ቀበቶውን የሚወጥረው ክብደት ሞተሩ ጠፍቶም ስለሚስብ ታስሮ ይያዝ። በመጨረሻ ማስነሻውን ተጭኖ አለመነሣቱን ማየት ነው። ሁልጊዜ የምትዘለለው ይህችው ናት፤ የተቆለፈው የሌላ ማሽን ማጥፊያ መሆኑን የምታጋልጠውም እሷ ነች።

የፈረቃ ሰው፦
ሰዓቱንም ጠይቁ እንጂ! 17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው ብቃቱ፣ በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ያለበትን ሰው ያህል ይወርዳል። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ደግሞ ሰውነት በራሱ ይደክማል። የምርመራ ቅጹ ላይ «መቼ ተኛ? ስንተኛ ተከታታይ የሌሊት ፈረቃው ነው?» የሚል መስመር ከሌለ ድካም በሪፖርቱ አይታይም፤ «ጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ ያልፋል።

ዋሻ12፦
በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ልጨምር፦ ጓጉንቸሩን ቆልፎ ወደ ቤቱ የሄደ ሠራተኛ ቢኖርስ?

መብራት፦
ወዲያው መቁረጫ አይነሣም። መጀመሪያ ሰውየው ግቢ ውስጥ አለመኖሩ ይረጋገጥ፣ ስልክም ይደወልለት። ማሽኑ አጠገብ ሰው እንደሌለ በዓይን ከታየ በኋላ፣ ሥልጣን የተሰጠው ኃላፊ ብቻ ጓጉንቸሩን ያንሣና ይመዝግብ። ሰውየው ሲመለስም ሥራ ሳይጀምር ጓጉንቸሩ መነሣቱ ይነገረው፤ አለዚያ ማሽኑ አሁንም የተቆለፈ መስሎት እጁን ይሰዳል።