ኡቡንቱ 24.04፦ ስፒከሩ ሠራ፣ ማይኩ ጠፋ

መምህርት ከደብረ ብርሃን፦
ጤና ይስጥልኝ። ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎቼ መማሪያ መጽሐፉን እያነበብኩ በድምፅ እቀዳለሁ። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ጭነው ነው የሚያጠኑት። የምቀዳው ማታ ነው፤ ቀን ቀን የደሴ መንገድ ከባድ መኪና አያስቀዳም።

ላፕቶፔ 10ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው። ዊንዶውስ ነበረው፤ ከፎቶ ኮፒ ቤት በሚመጣ ፍላሽ ቫይረስ እየገባ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት ሲያደርግብኝ ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ ኡቡንቱ 24.04 የሚባለውን የሊነክስ ሲስተም ጫንኩ። ፍጥነቱን ወድጄዋለሁ። ዋይፋዩም፣ አማርኛ መጻፉም አላስቸገረኝም። ድምፅ ግን የለም። ሴቲንግ ውስጥ «ዳሚ አውትፑት» (የድምፅ መሣሪያ አላገኘሁም እንደማለት) ብቻ ይላል።

አንድ ቪዲዮ ላይ አይቼ ዲኤስፒ ድራይቨር የሚባለውን የድምፅ ቅንብር 1 የሚያደርግ መስመር ጨመርኩ። ስፒከሩ ወዲያው ሠራ፣ ማይኩ ግን ከዝርዝሩ ጠፋ። ለእኔ ስፒከሩ ቢቀር ይቀር ነበር። ሥራዬ ማይኩ ነው። ለሰኞ የማደርሰው ምዕራፍ አለኝ፤ እባካችሁ ምን ላድርግ?

ጣርማ በር፦
ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ አልሳሚክሰር ብለሽ የድምፅ ማስተካከያውን ክፈቺ። ከሥር «ኤም ኤም» የሚል ካየሽ ተዘግቷል ማለት ነው። በቀስት እሱ ላይ ሄደሽ የኤም ፊደልን ስትጫኚ ይከፈታል።

መምህርት ከደብረ ብርሃን፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ። አየሁት፤ የተዘጋ የለም። ማይኩ ጭራሽ እዚያ ውስጥ የለም።

ጥገና ከደብረ ሲና፦
መምህርት፣ ማይኩ አልተበላሸም፤ አይጨነቁ። በእነዚህ ላፕቶፖች ማይኩ እንደ ድሮው በሳውንድ ካርዱ በኩል አይገባም። ዲጂታል ነው፤ ድምፁን የሚቀበለው ፕሮሰሰሩ ጋር ያለው ዲኤስፒ የሚባለው ድምፅ አቀናባሪ ክፍል ነው። የጨመሩት መስመር ያንን ክፍል ያስዘልለዋል። ስፒከሩና የጆሮ ማዳመጫው በድሮው መንገድ ይሄዳሉ፤ ማይኩ ግን ሌላ መንገድ የለውም። ይሄ መስመር በየቪዲዮው ይዞራል። ሙዚቃ ለሚሰማ ይበቃዋል፤ ለሚቀዳ ሰው ግን መፍትሔ ብዬ አልቆጥረውም።

ስለዚህ መስመሩን ያጥፉት። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩ፤ ከዚያ ተርሚናል ላይ «ሱዶ» ብለው ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ ይጻፉ። ማሽኑ ሲነሳ የተናገረው ሁሉ ይወጣል። «ሶፍ» (የዲኤስፒው ድራይቨር ስም ነው) የሚሉትን መስመሮች ፈልገው ይጻፉልኝ። ሳያዩ ትእዛዝ ከመደራረብ እሱን ማንበብ ይሻላል።

መምህርት ከደብረ ብርሃን፦
አገኘሁት። የሆነ ፈርምዌር መጫን አልተቻለም ይልና መጨረሻው ላይ ኔጋቲቭ 2 አለው።

ጥገና ከደብረ ሲና፦
በቃ ታወቀ። ኔጋቲቭ 2 ማለት የተፈለገው ፋይል የለም ማለት ነው። ዲኤስፒው ሲነሳ የራሱን ፕሮግራም፣ ማለትም ፈርምዌሩን፣ ከዲስክ ላይ ካላገኘ ሥራ አይጀምርም፤ «ዳሚ አውትፑት» የሚለው ለዚያ ነው። በአፕት (የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ ትእዛዝ) «ፈርምዌር-ሶፍ-ሳይንድ» የሚባለውን ጥቅል ይጫኑ። ሲጨርስ ሪስታርት ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ያጥፉት፣ ትንሽ ቆይተው ያብሩ።

ላፕቶፓችሁ ላይ ዊንዶውስም ጎን ለጎን ያላችሁ፣ ፋስት ስታርትአፕ የሚለውን ዊንዶውስ ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት። እሱ ካለ ዊንዶውስ ሲዘጋ በደንብ አይዘጋም፤ የድምፅ ክፍሉ ተንጠልጥሎ ኡቡንቱ ሳያገኘው የሚቀርበት ጊዜ አለ።

መሐል ሜዳ፦
መምህርት፣ ሰኞ እንዳያመልጥዎት በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ሳውንድ ካርድ ከነማይኩ ይዋሱ። ድራይቨር አይጠይቅም፤ ስለ ዲኤስፒውም አያገባውም።

መምህርት ከደብረ ብርሃን፦
ተመስገን፣ ሁለቱም ሠሩ! ጥቅሉ ሲወርድ መብራት ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ ቀጥሎ ጨረሰው። ስፒከሩም ማይኩም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ልጆቹም ያመሰግኗችኋል። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ የቀዳሁትን መልሼ ስከፍት የመጀመሪያዋ ቃል ትቆረጣለች። ፋይሉ ስልክ ላይ ሲከፈት ግን ሙሉ ነው።

ጥገና ከደብረ ሲና፦
እንግዲያው ቀረጻው ደህና ነው፤ ለልጆቹ መላክ ይችላሉ። ኡቡንቱ ላይ ከ22.10 ወዲህ ድምፁን የሚያስተዳድሩት ፓይፕዋየርና ዋየርፕላምበር ናቸው። ዋየርፕላምበር 5 ሰከንድ ድምፅ ካላለፈ ባትሪ ለመቆጠብ መሣሪያውን ያስተኛዋል፤ እስኪነቃ ቃሏ ታልፋለች። ሰስፔንድ ታይምአውት የሚለውን 0 ካደረጉት አይተኛም። የማስተካከያ ፋይሉን እኔ አዘጋጅቼ በውስጥ እልክልዎታለሁ።