የወንድሜ የዳሌ መገጣጠሚያ ተሰብሯል፤ ኦፕራሲዮኑ ቢቆይ ምን ችግር አለው?

የኮዬዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ከሲኖትራክ ጋር ተጋጭቶ ጉልበቱ ዳሽቦርዱን መታ። ዳሌው ወልቆ ነበር፣ በዚያው ሌሊት መለሱለት። ግን የጭን አጥንቱ ኳስ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ አጥንት ከኋላ በኩል ተሰባብሯል። አሁን እግሩ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎለት ተኝቷል። ሐኪሞቹ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል አሉ። እናታችን ደግሞ «ልጄን በቢላ አታስነኩብኝ፣ ሰበታ ጎበዝ ወጌሻ አለ» እያለች ታለቅሳለች። ሳምንት ሊሞላው ነው። ትንሽ ብንጠብቅስ? ዳግመኛ መንዳትስ ይችላል?

የአጥንት ሬዚደንት
እግዜር ይማርልሽ እህቴ። አትጠብቁ። ይህ ስብራት ቢቻል በ2 ሳምንት ውስጥ ነው የሚሠራው። 3 ሳምንት ካለፈው ስብርባሪው በተዛባበት መያያዝ ይጀምራል፤ ሐኪሙ እንደገና ሊያላቅቀው ይገደዳል፣ ውጤቱም ይቀንሳል።

እናትሽን በደንብ አስረጇቸው። ቦታው ከብዙ ሥጋ ሥር ስለሆነ የወጌሻ እጅ አይደርስበትም። ማሸቱ ደግሞ ዳሌውን መልሶ ሊያወልቀው ይችላል። ወንድምሽ ሹፌር ስለሆነ በኩሽኔታ ምሳሌ ንገሪው፦ የኳሱ መቀመጫ ከተዛባ ኳሱም ይበላል። ለዚህ ነው የ2 እና 3 ሚሊ ሜትር መዛባት እንኳ የሚያሳስበን።

እርግጥ ካልተንሸራተተና ኳሱ ጸንቶ ከተቀመጠ ያለ ኦፕራሲዮን የሚድንም አለ። የእሱን የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። ሥራው ልምድ ይጠይቃል፣ ሁሉም የአጥንት ሐኪም አይሠራውም። ያላችሁበት ቦታ የሚሠራው ከሌለ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም አቤት ሆስፒታል ሪፈር ዛሬውኑ ጠይቁ። ደም የሚሰጥ ዘመድም አዘጋጁ።

ውጤቱን በተመለከተ፣ አጥንቱ በትክክል ከተገጠመ ከ10 ሰው 7 ወይም 8ቱ ጥሩ ይሆናሉ። የኳሱ ደም ሥር ከተጎዳ ግን ኳሱ ቀስ በቀስ ሊሞት ይችላል። ሌላው ጣጣ አርትራይተስ፣ ማለትም የመገጣጠሚያው መበላት ነው። ያኔ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይገባለታል። ይህን ከአሁኑ እወቁት።

ለገጣፎ
እኔም ተሠርቼ ነበር፣ አሁን እሄዳለሁ። ማንም ያልነገረኝን ልንገርሽ፦ ቤቱን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። እኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነበርኩ፣ በክራንች ደረጃውን መውጣት አልሆነልኝም። ምድር ቤት ያለው ዘመድ ቤት ይረፍ። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት አይሆነውም፣ ወንበር ያለው ፈልጉለት። ለቡና ብሎ በርጩማ ላይም እንዳይቀመጥ!

ፊዚዮቴራፒስት
ልክ ነው፣ ዳሌው ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳይታጠፍ። በዚያ እግር ሙሉ ክብደቱን ለመጣል ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል። ሐኪሙ ሳይፈቅድለት መሪ አይያዝ። እስከዚያው ደም እንዳይረጋበት የሚሰጡትን መርፌ አታስቀሩበት። የረጋ ደም ሳንባ ከደረሰ ሕይወት ያጠፋል።

የኮዬዋ
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የዚያን እግር አውራ ጣት ወደ ላይ ሲያነሳ ያቅተዋል። ህመሙ ነው ብለን ዝም አልን።

የአጥንት ሬዚደንት
ዝም አትበሉ! ከዳሌ ጀርባ የሚያልፈው ትልቁ ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። አሁኑኑ ለተረኛው ሐኪም ንገሩና ከኦፕራሲዮኑ በፊት ካርዱ ላይ ይጻፍ። ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ይሻሻላሉ። እስከዚያው እግሩ ወደታች ተንጋዶ እንዳይደርቅ መደገፊያ ይደረግለት።

የኮዬዋ
እሺ፣ አሁኑኑ ደወልኩ። እናቴም ሪፈሩን እንዲጠይቁ ተስማምታለች።