ክርክር፦ ስለ ጣና ስንቱ ተዘፈነ፣ ምን ጠቀመው?

አድሚን፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። ጣና እምቦጭ በሚሉት የውሃ ላይ አረም ከተወረረ ጀምሮ ያልተዘፈነለት ያልተገጠመለት ያልተሳለለት የለም። ኪነጥበብ ለተፈጥሮ ይሰራል ወይስ የኛን ስሜት ብቻ ነው የሚያስተነፍሰው? ብሄር ውስጥ የሚገባ ኮመንት ይጠፋል፣ ኋላ ቅር እንዳትሉ።

ውሃ መሀንዲሱ፦ አይሰራም ባይ ነኝ። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2004 አካባቢ ነው፣ አዋሽ ላይ ያለው የኮካ ግድብ ውስጥ ግን ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ፣ ማን ዘፈነለት? ኮካ ገዳም የለው፣ ለክሊፕ አያምርማ። አረሙ የሚወፍረው ከላይ ከእርሻው በጎርፍ በሚወርድ አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማ በሚለቀቅ ፍሳሽ ነው። እስቲ ጣና ስለሚገቡት ወንዞች፣ ስለ ርብ፣ ስለ ጉማራ፣ ስለ መገጭ የሚያወራ አንድ ዘፈን ጥሩልኝ፣ ደለሉን እያመጡ ያሉት እነሱ ናቸው። ሁሉም ለቅሶ ነው።

ደንገል፦ እሺ ኢንጂነር፣ ማዳበሪያ የሚለው ቃል ቤት የሚመታበትን ግጥም አንተ ጻፍልንና እናድምጥ ሃሃ። የምሬን ግን፣ በ2010 ጥቅምት ከኦሮሚያ ወጣቶች ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ጭቃ ውስጥ ሲገቡ ምን አመጣቸው? ያንተ ሪፖርት ነው? "ጣና ኬኛ"፣ በኦሮምኛ ጣና የኛ ነው፣ የምትል ሁለት ቃል ናት። በዛ ሰሞን በዛች አገር ሁኔታ ሁለት ቃል ያንን ካደረገች ግጥም አይሰራም አትበለኝ።

ውሃ መሀንዲሱ፦ መጡ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ነቀሉ። በጥቅምት 2013 ደግሞ የአንድ ወር ዘመቻ ተባለ፣ እሱም ተነቀለ። ነገሩ እምቦጭ ከተመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ከ10 አመት በላይ ተኝቶ መብቀል ይችላል። ስሜትህ ስንት ወር ይቆያል ወንድሜ?

የፎገራዋ፦ የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ዘፈኖቹ ውስጥ ሀይቁ አለ፣ ገዳሙ አለ፣ ጀምበር ስትጠልቅ አለ፣ ሰው ግን የለም። አጎቴ እምቦጭ ሲያወጣ ውሎ ማታ ሰውነቱን ሲያክ ነው የሚያድረው፣ ከብቱ የሚሰማራበት ሜዳ በአረም ተይዟል፣ ሩዙ ላይም ሊወጣ ነው። እሱን ሰውዬ የት ዘፈን ላይ አያችሁት? ደግሞ ላይ ያለው ገበሬ ዳገቱን ስላረሰ ነው አፈሩ የሚወርደው ትላላችሁ፣ ሌላ መሬት ሰጣችሁት እንዴ?

ቡና ጠጪ፦ ዘጌን ረሳችሁት። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሶስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ፣ ህዝቡ በነዚህ ይደር እንጂ ምድሩን በበሬ እንዳያርስ ተባለ። እስከዛሬ ጫካው አለ፣ እዛው ጣና ዳር፣ ዙሪያው ሲራቆት። ይሄን ያቆየው መመሪያ ነው? ትረካ ነው! እናንተ ኪነጥበብ ስትባሉ ክሊፕ ብቻ ነው የሚታያችሁ።

ውሃ መሀንዲሱ፦ ትረካው ብቻውን አይደለም'ኮ። ቡናው ይሸጣል፣ የጣሰውን የሚገስጽ ገዳም አለ። ገቢና ቁጥጥር በለው።

ቡና ጠጪ፦ ታዲያ ቡና የሚሸጥበት ሌላው ቦታ ሁሉ ደኑ ለምን አለቀ? ቁጥጥሩን ራሱ ሰው የተቀበለው ታሪኩን ስላመነ ነው እኮ።

(ለዚህ መልስ የሰጠ የለም፣ ላይክ ግን በዝቷል)

ሸራና ቀለም፦ እኔ ደግሞ ለቅሶ የማይወድ ስራ ልጥቀስ። አርቲስቱ ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የተጣለ የኮምፒውተር ሰርኪትና ሽቦ እየሰበሰበ ነው የሚሰራው። ከሩቅ ስታዩት ከአውሮፕላን የታየ እርሻ ይመስላል፣ ስትጠጉ ቆሻሻ ነው፣ ያውም እኛው የጣልነው። ከመስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ ላይ የከፈቱትን ዞማ ሙዚየምም እዩት፣ ጭቃና ጭድ ነው። ስለ ተፈጥሮ ከማውራት በተፈጥሮ መስራት ይሻላል ባይ ነኝ።

ደንገል፦ ቆንጆ ነው፣ ግን ስራው ኒውዮርክ ጋለሪ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው፣ መርካቶ ያለው ሰው አያየውም። ዘፈን ቢያንስ ታክሲ ውስጥ ይሰማል።

ጋሽዬ፦ ልጆች፣ ልግባ። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እያልን አደግን። ግንዱን ከየት አመጣው፣ ማን ቆረጠው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልሰማሁም።

ቡና ጠጪ፦ ጋሼ ተረቱ ስለ ሰው ነው እንጂ ስለ ወንዝ መች ሆነና?

ጋሽዬ፦ እሱን እኮ ነው የምልሽ ልጄ። ስንናፍቅ አባይ፣ ስንቆጭ አባይ፣ ስናፈቅርም አባይ፣ ወንዙን የራሳችን ማውሪያ አደረግነው። እምቦጭም ሲመጣ እንዲሁ ነው የሆነው፣ ገጣሚው ሁሉ የሚጠላውን ሰው መስደቢያ አደረገው፣ አረሙ ምን በልቶ እንደሚወፍር ያየ የለም። ዘጌን ያነሳሽው ጥሩ ነው፣ እዛ ታሪክ ውስጥ ቡናው ቡና ነው፣ የሌላ ነገር ምሳሌ አይደለም።

ውሃ መሀንዲሱ፦ ጋሼ ይሄን ከመጀመሪያው ብለውን ቢሆን እኔም ይሄን ያህል ባልጮህኩ። ዘፈን አልጠላም፣ ርብን የሚያውቅ ዘፋኝ አጣሁ ነው ያልኩት።

ደንገል፦ አልክ? ከላይ አይሰራም ነው ያልከው፣ ስክሪንሹት አለኝ።

የፎገራዋ፦ ተዉት እስቲ። ግጥም የሚጽፍ ካለ ሐምሌ ላይ ይምጣ፣ ርብ ሞልቶ አፈሩን ይዞ ሲወርድ እናሳየዋለን። ሁሉም የሚመጣው ጥቅምት ላይ ነው፣ ለፎቶ።

ሸራና ቀለም፦ እኔ እመጣለሁ። ማረፊያ አለ?

የፎገራዋ፦ እኛ ቤት አለ። አጎበር ግን ይዘህ ና፣ ቦቲም።