ከዝናብ በኋላ እርሻ መሀል የተከፈተ ስንጥቅ፦ የስምጥ ሸለቆው ፎልት ነው ወይስ የውሃ ሥራ?

ጥያቄ፦ ቀያሹ

ሰላም ለሁላችሁ። ከመቂ እስከ ሻሸመኔና ሐዋሳ ባለው የስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት እርሻና መንገድ ሲሰነጠቅ ይታያል። እኔ የምጠይቅበት ዓይነት ርዝመቱ ጥቂት መቶ ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር አካባቢ ሆኖ ድንጋይ በገመድ ሲወርድበት 8 ሜትር ላይ መሬት የሚነካ ነው። ገና ዝናቡ ሳያባራ አንዱ «አፍሪካ ተከፈለች» ይላል፣ ሌላው «ጎርፍ ነው፣ ድፈኑት» ይላል። ሦስት ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። ብዙ መሣሪያ ሳይኖር ፎልትን (ሁለት ወገኑ የተንቀሳቀሰ የአለት ስብራትን) ከውሃ ቦረቦር በምን እንለያለን? እየሰፋ መሆን አለመሆኑንስ በሜትሮና በካስማ መለካት ይቻላል? መንገድና የውሃ ቧንቧ የሚያቋርጡት ከሆነ ደግሞ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ ኦብሲዲያን

ከሒሳቡ እንጀምር። በምዕራብ ያለው የኑቢያ ፕሌትና (ፕሌት ማለት ግዙፍ የምድር ቅርፊት ቁራጭ ነው) በምሥራቅ ያለው የሶማሊያ ፕሌት በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በኩል የሚራራቁት በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መራራቁ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ሸለቆ ውስጥ ይከፋፈላል፤ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ወለሉ ላይ የሚያልፈው የወንጂ የፎልት ቀበቶ ነው። ሁሉም በእርስዎ ስንጥቅ ላይ ብቻ አረፈ ብንል እንኳ 2 ሜትር ለመክፈት 400 ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት የታየው ስፋት የፕሌት እንቅስቃሴ ልክ አይደለም።

«ጎርፍ ነው» የሚለው ደግሞ ግማሽ መልስ ነው። የወለሉ የላይኛው አፈር ውሃ እያመጣ የከመረው የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ፑሚስ (ቀላልና ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እና ደለል ነው። ደረቅ ሲሆን ግድግዳ ሆኖ ይቆማል፤ ሲርስ እንደ ጨው ይሟሟል። ከሥሩ ባዛልት ወይም ኢግኒምብራይት (ከትኩስ የእሳተ ገሞራ አመድ የጠነከረ አለት) አለ። ይህ አለት በመራራቁ ተሰንጥቆ አፉን ከፍቶ ይቀመጣል፤ ክፍተቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ሰርጎ የገባ ዝናብ ደቃቁን አፈር እየጠረገ በዚያ አፍ ይወርዳል፣ ላዩ ደህና እየመሰለ ውስጡ ዋሻ ይሆናል፣ ጣሪያው ሲሳሳ ይደረመሳል። ሰርጡ ከመከፈቱ በፊት በአንድ መስመር የተደረደሩ ክብ ጉድጓዶች የሚታዩትም ለዚህ ነው። ባጭሩ ቀዳዳው የፎልቱ፣ ስፋቱ የውሃው ነው።

መስክ ላይ መጀመሪያ የማየው አቅጣጫውን ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በየ20 ሜትሩ በኮምፓስ ይያዝ። የወንጂ ቀበቶ ፎልቶች ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ያዘነበሉ ናቸው፤ የሸለቆው ዳርና ዳር ያሉት ትልልቆቹ ደግሞ ወደ 30 እና 40 ዲግሪ ይጠጋሉ። ስንጥቁ ዳገትም ቁልቁለትም ሳይመርጥ፣ የውሃውን ፍሰት አቅጣጫ እየቆረጠ በዚያ መስመር ቀጥ ብሎ ከሄደ ከሥሩ የአለት ስንጥቅ አለ ማለት ነው። እንደ ጅረት እየተጣመመ ቁልቁለቱን ከተከተለ ተራ ቦረቦር ነው። ኮምፓሱን ባዛልት ላይ አታስቀምጡት፤ ድንጋዩ ራሱ መርፌውን ይስባል።

ቀጥሎ ደረጃ አለው ወይ ብላችሁ ተመልከቱ። የላዩን መሬት አትመኑ፣ ማረሻ ደልድሎታል። በሁለቱም ግድግዳ ላይ የሚታይ አንድ ንጣፍ ፈልጉ፤ ነጭ የፑሚስ መስመር ካለ በጣም ጥሩ ነው። ንጣፉ በሁለቱም ወገን እኩል ከፍታ ላይ ከሆነ መሬቱ ተከፈተ እንጂ አልወረደም። በአንዱ ወገን 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከተገኘ ያ ወገን ወርዷል፤ ይህ የፎልት ምልክት ነው። ከሥር ያሉት ንጣፎች ከላይኞቹ የበለጠ የወረዱ ከሆነ ደግሞ እንቅስቃሴው ከአንድ ጊዜ በላይ ተደጋግሟል።

ወቅቱም ይናገራል። መረሬ አፈር በጋ ላይ ተሰንጥቆ ክረምት ላይ ይገጥማል፤ ስንጥቁ መረብ ይመስላል፣ ስፋቱም ብዙውን ጊዜ ከ10 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። የእርስዎ በዝናብ ስለሚከፈት ከዚህኛው ወገን አይደለም። ተዳፋት ላይ እንደ ማጭድ የጎበጠና ሁለት ጫፎቹ ወደ ቁልቁለት የሚያመለክቱ ስንጥቅ ካያችሁ ግን ስለ ፕሌት መከራከሩን ትታችሁ ከሥሩ ያለውን ሰው አስነሡ። እሱ የመሬት መንሸራተት ነው፣ ቀጠሮም አይሰጥም።

ጠርዙ ከሥሩ የተቦረቦረ ነው። ሲቀርቡ ከ5 ሜትር ርቀት ጀምሮ በፌሮ እየወጉ፣ ሁለት ሰው ሆነው፣ በገመድ ታስረው ይቅረቡ።

መልስ፦ ቱምቢ

ስለ መለካቱ። በሁለቱ ጠርዞች ላይ ሚስማር መትቶ ስፋቱን መለካት የተለመደ ስሕተት ነው። ጠርዙ ስለሚናድ የሚለካው የአፈሩን መፍረስ ነው።

አራት ካስማ ያስፈልጋል፤ በእያንዳንዱ ወገን ሁለት፣ ከጠርዙ ቢያንስ 4 ሜትር ርቀው፣ 10 በ10 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን የሚሠሩ። 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ በ1 ሜትር ጉድጓድ ውስጥ በኮንክሪት ይተከል፤ ጫፉ ተሞርዶ መሀሉ ላይ በፑንቶ ነጥብ ይመታበት። ኮንክሪቱ ሳምንት ሳይሞላው ንባብ አይጀመር። ከዚያ አራቱን ጎኖችና ሁለቱን ሰያፍ መስመሮች፣ በጠቅላላ ስድስት ርዝመት ትይዛላችሁ።

ንባቡ ራሱ ይናገራል። ስንጥቁን የሚያቋርጡት ሁለት ጎኖች እኩል ረዝመው ሁለቱም ሰያፎች እኩል ከረዘሙ መሬቱ ቀጥታ እየተከፈተ ነው። አንዱ ሰያፍ ረዝሞ ሌላው ካጠረ አንዱ ወገን ወደ ጎን እየተንሸራተተ ነው። ስንጥቁን የማያቋርጡት ሁለት ጎኖች መለወጥ የለባቸውም። ከተለወጡ ካስማችሁ ተነቃንቋል፤ የዚያን ቀን ንባብ ጣሉት።

የብረት ሜትሮ በሙቀት ይረዝማል። ለ10 ሜትር በ20 ዲግሪ ልዩነት 2.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህ የሸለቆው የዓመት መራራቅ ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም! ስለዚህ ሁልጊዜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይለካ። ሜትሮው ጫፍ ላይ የእጅ ሚዛን አስራችሁ በ5 ኪሎ ሳቡት፣ ሦስት ጊዜ አንብቡና አማካዩን ጻፉ። የጨርቅና የፋይበር ሜትሮ ስለሚሳብ አይሆንም። የከፍታውን ልዩነት ውስጡ በሚታይ ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ ለኩ፤ አረፋ ከሌለበት በ10 ሜትር ላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይለያል።

በጋ ላይ በወር አንዴ፣ ክረምት ላይ በየሳምንቱ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ በማግስቱ ይለካ። በዚህ አያያዝ የምታገኙት ትክክለኛነት 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የፕሌቱን ፍጥነት በአንድ ዓመት ለማወቅ አይበቃም፤ አካባቢው በሴንቲ ሜትር እየሄደ መሆኑን ለማወቅ ግን ይተርፋል። የስልክ ጂፒኤስ በብዙ ሜትር ስለሚስት የስንጥቁን መስመር ካርታ ላይ ለማስቀመጥ ብቻ ተጠቀሙበት።

መልስ፦ የዳባሁ ነፋስ

ኦብሲዲያን «400 ዓመት» ያለው ሒሳቡ ልክ ነው፤ አማካይ መሆኑ ግን ይሰመርበት። ፕሌቶቹ በየዓመቱ እኩል እየከፈቱ አይሄዱም። ውጥረቱ ለብዙ መቶ ዓመት ይጠራቀምና በቀናት ውስጥ ይለቀቃል።

ማስረጃው እዚሁ አገራችን ነው። በመስከረም 2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ አፋር ውስጥ ከዳባሁ እሳተ ገሞራ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን መስመር ቅልጥ አለት እንደ ግድግዳ ቆሞ ወደ ላይ ገባ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ መሬቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። እዚያ የዓረቢያና የኑቢያ ፕሌት የሚራራቁት በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ፍጥነት ስለሆነ፣ የ400 ዓመት ሒሳብ በአንድ ጊዜ ተከፈለ ማለት ነው። ከዚያም እስከ 2010 ድረስ አሥራ ሦስት ተጨማሪ አነስ ያሉ ዳይኮች (እንዲሁ እንደ ግድግዳ የቆሙ የቅልጥ አለት ሰርጎች) ገቡ።

ወደ እኛ ሲቀርብ ደግሞ የፈንታሌና የዶፈን እሳተ ገሞራዎች አሉ። ከመስከረም 2024 መጨረሻ ጀምሮ በመሀላቸው ቅልጥ አለት ሲገባ የመሬት መንቀጥቀጡ ለወራት ቀጠለ፤ ጥር 4 ቀን 2025 መጠኑ 5.7፣ የካቲት 14 ቀን 2025 ደግሞ 6.0 ደረሰ (ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር)። ፈንታሌ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከተማዋ ውስጥ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ደጋግሞ ተሰምቶታል። አዋሽ አካባቢ መንገድና ቤት የሰነጠቀው ይህ ነበር፤ ዝናብ አልጠበቀም።

ስለዚህ መለያው ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ መንቀጥቀጥ ነበር ወይ? ስንጥቁ በደረቅ ወቅት ከተከፈተ፣ ከመከፈቱ በፊት ወይም እየተከፈተ ሳለ ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ከነበረ፣ ሁለት ትይዩ ስንጥቆች ወጥተው በመሀላቸው ያለው መሬት ከሰመጠ፣ ወይም እንፋሎት መውጣት ከጀመረ የካስማ ሥራ ይቅር። ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ተቋም ከቦታውና ከሰዓቱ ጋር አሳውቁ፤ ሰዉም ከመስመሩ ይራቅ።

ኮምፒዩተር ላይ መሥራት ለምትችሉ የሴንቲኔል-1 ሳተላይት የራዳር ምስል በነጻ ይገኛል። በተለያየ ቀን የተነሡ ሁለት ምስሎች ተነጻጽረው የሚወጣው እያንዳንዱ የቀለም ዙር መሬቱ ወደ ሳተላይቱ በ2.8 ሴንቲ ሜትር መጠጋቱን ወይም ከእሱ መራቁን ያሳያል። አፋር ላይ መሬቱ ባዶ ስለሆነ ድንቅ ይሠራል። ዝዋይና መቂ ዙሪያ ግን እርሻው በታረሰና በበቀለ ቁጥር ምስሉ ይበላሻል፤ አዝመራ ከተነሣ በኋላ ያሉትን የበጋ ምስሎች ምረጡ። ሳተላይቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚደረግ እንቅስቃሴን አጥርቶ አያይም። የእኛ ሸለቆ የሚከፈተው ወደ ምሥራቅና ምዕራብ መሆኑ በዚህ ረገድ ዕድል ነው።

መልስ፦ ገረጋንቲ

መንገዱን በተመለከተ፣ በየዓመቱ የሚደገመው ጥፋት ሰርጡን ገረጋንቲ ሞልቶ ሮለር ማስኬድ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ሙሌቱ በዚያው ቀዳዳ ይወርድና መንገዱ እንደገና ይሰምጣል። አፉ ሳይዘጋ ሆዱን መሙላት ነው።

ቅድሚያ ውሃውን ማራቅ። ከስንጥቁ በላይኛው ወገን፣ ከ10 ሜትር ባላነሰ ርቀት፣ የሚቀልስ ቦይ ይቆፈር፤ የቦዩ ወለል በሸክላ አፈር ወይም በግንብ ይሸፈን። ያልተሸፈነ ቦይ ራሱ አዲስ ስንጥቅ ይጠራል። የመንገዱ ቱቦ ውሃውን ስንጥቁ ውስጥ የሚተፋ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይዛወር።

ከዚያ የተናደው አፈር እስኪያልቅ፣ ቢቻል እስከ አለቱ ድረስ ይቆፈር። ጎኖቹ በደረጃ ይቆረጡ፤ ከ1.5 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ በተቆረጠ ጉድጓድ ውስጥ ሠራተኛ አይግባ። ከሥር ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ድንጋዮች እርስ በርስ እንዲናከሱ ይደርደሩ፣ በላያቸው አነስ ያለ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጠጠር ይግባ። ጂኦቴክስታይል ጨርቅ ከጠጠሩ በላይ ተነጥፎ ጎኖቹን 1 ሜትር ያህል ይውጣ፤ ዋና ሥራው ውሃው ሲያልፍ ደቃቁን አፈር ማስቀረት ነው። በላዩ ሸክላነት ያለው አፈር በ20 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እየተጠቀጠቀ ይሞላ፣ መሀሉም ውሃ እንዳይቋጥር ትንሽ ጎበጥ ይበል። በኮንክሪት መድፈን አልመክርም። ኮንክሪቱ ሳይጎዳ ሥሩ ባዶ ይሆንና አንድ ቀን ከነመኪናው ይወርዳል።

ቧንቧ የባሰ ነው፤ ስንጥቁን የሚከፍተው ዝናብ ብቻ ሳይሆን የሚያፈስ ቧንቧም ነውና። የብረትና የፒቪሲ መስመር መጋጠሚያው ላይ ይለቃል። በሁለቱም ወገን 20 ሜትር ያህል ወደ ፖሊኤትሊን ቀይሩት፣ በብየዳ የተያያዘ፣ ልል ብሎና ትንሽ እየተጠማዘዘ የተዘረጋ ይሁን። ቢቻል ከመሬት በላይ ይለፍ። በሁለቱም ጫፍ ቫልቭ ይኑረው፤ ሲበጠስ የሚዘጋው ሰው አጠገቡ ይገኝ።

ቤት ለሚሠራ፦ አገራችን የምትጠቀምበት የ2015 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የመሬት መንቀጥቀጥ የግንባታ ደንብ ንቁ ፎልት አጠገብ ሕንፃ እንዳይቆም ይላል እንጂ ርቀቱን በሜትር አይነግርም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1972 ጀምሮ በሕግ የሚሠራበት 15 ሜትር ገደማ ነው። እሱ ግን ለፎልት ስብራት የወጣ ነው። ውስጡ ለሚቦረቦር አፈር ከዋናው ስንጥቅ ብቻ ሳይሆን ከተደረደሩት ጉድጓዶች መስመርም፣ ገና ካልተከፈተው ቅጥያው ጭምር፣ መራቅ ያስፈልጋል። የመጸዳጃ ጉድጓድ ደግሞ በመስመሩ ላይ በፍጹም አይቆፈር፤ አለቱ ክፍት ስለሆነ ፍሳሹ ሳይጣራ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ይገባል።

ቀያሹ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለቱምቢ አንድ ጥያቄ፦ በአንደኛው ወገን የላይኛው አንድ ሜትር ተኩል መረሬ ቢሆን ካስማው ከአፈሩ ጋር አይነሣም?

ቱምቢ፦

ይነሣል፤ ያውም በሴንቲ ሜትር። እዚያ ወገን ጉድጓዱን ከመረሬው በታች አሳልፈው እስከ 2 ሜትር ይቆፍሩ። ኮንክሪቱ ከታች 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሁን። ከዚያ በላይ ፌሮውን በ50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ውስጥ ያሳልፉት፤ አፈሩ ቱቦውን ይዞ ይውጣ ይውረድ እንጂ ፌሮውን እንዳይጨብጥ። የቱቦው አፍ በክዳን ይዘጋ፤ አለዚያ ራሱ የውሃ መግቢያ ይሆናል። ለንጽጽር እንዲመች በሌላውም ወገን ያሉትን ሁለቱን እንደዚሁ ይትከሏቸው።