«ጸድቷል» ተብለን የልጄ የደም ካንሰር ለምን ተመለሰ?

ጥያቄ፣ ከቢቸና፦
የ7 ዓመት ልጄ ሊምፎብላስቲክ ሉኬሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ተገኝቶበት፣ ከመጀመሪያው ወር ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) በኋላ «መቅኔው ጸድቷል» ተባልን። ጠላ ጠምቀን ጎረቤት ጠራን። ከዚያ እቤት የሚዋጠውን ክኒን ቀጠልን። ሰሞኑን ግን ራሱን ያመው፣ ጠዋት ጠዋት ያስመልሰው ጀመር፤ ከጀርባው ፈሳሽ ተወስዶ ሲመረመር ተመልሷል አሉን። ከጸዳ ከየት መጣ? ክረምት ላይ መንገዱ ተበላሽቶ ክኒኑ 10 ቀን ተቋርጦበት ነበር። ጎረቤት ደግሞ ጥሬ ሥጋ ስላቀመስሽው ነው ይለኛል። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፣ ነርስ ከደብረ ማርቆስ፦
እህቴ፣ አይዞሽ። ካንሰሩን ሥጋ አላመጣውም፤ ጥሬውን የምንከለክለው ሌላ ኢንፌክሽን እንዳይዘው ነው። ያሳሳተሽ «ጸድቷል» የሚለው ቃል ነው። እንዲህ የሚባለው በማይክሮስኮፕ ሲታይ በመቅኔው ውስጥ ያሉት የካንሰር ሕዋሳት ከ5 በመቶ በታች ሲሆኑ ነው። በሽታው ሲገኝ በሰውነት ውስጥ 1 ትሪሊዮን ያህል ሊኖሩ ይችላሉ፤ 99 በመቶው ቢሞት እንኳን 10 ቢሊዮን ይቀራል። ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት የሚዘልቀው ለዚህ ነው።

መልስ፣ ገበሬ አባት ከደጀን፦
ለእኔ የገባኝ በሰርዶ ነው። ማሳው ታርሶ ሲታይ ንጹሕ ነው፤ የጣት ያህል ሥር አፈር ውስጥ ከቀረ ግን ዝናብ ሲያገኝ ያቆጠቁጣል። የጤፍ መሬት አንድ ጊዜ አርሶ የሚተው ማን አለ? እኛ አንድ ቀን እንኳን ሳናቋርጥ በልጃችን ላይ ተመልሷል። ራስሽን አትውቀሺ፣ እህቴ።

መልስ፣ ሐኪም ከባሕር ዳር፦
በደም ሥር የሚሰጠው ኬሞ ወደ አንጎልና ወደ ወንድ ልጅ የዘር ፍሬ በበቂ አይገባም፤ ካንሰሩ እዚያ ይሸሸጋል። ለአንጎሉ ሲባል ሜቶትሬክሴት የሚባለው የኬሞ መድኃኒት በጀርባ መርፌ አንጎልን ወደሚከበው ፈሳሽ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ከተረፉት ሕዋሳት መካከልም መድኃኒቱን የለመዱ አሉ፤ ስለዚህ አሁን የመድኃኒቱ ዓይነት ሊቀየር ይችላል። የመቅኔ ምርመራው መደገሙን ይጠይቁ። መቅኔው ንጹሕ ቢመስልም ሕክምናው ለመላው ሰውነት መሆን አለበት።

ስለ ክኒኑ እውነቱን ልንገርዎ። በየቀኑ የሚዋጠው መርካፕቶፑሪን ሲዘለል በሽታው የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል፤ ያመጣው ግን ያ 10 ቀን ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። ቢሆንም ለሐኪሙ አይደብቁ፤ መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ ነው ወይስ ስላልተወሰደ የሚለውን መለየት አለበት። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። በሽታው ተመልሶባቸው ዳግም የሚድኑ ልጆች አሉ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የክኒኑን ካርድ አውጥቼ የተዘለሉትን ቀኖች ቆጠርኩ፤ 13 ናቸው። ነገ በሌሊቱ መኪና ስንሄድ ካርዱን ይዤው እሄዳለሁ።